መዝገቡ ላይ ያልገባው መብራት

ሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ነው። ኮሮና ገና የገባ ሰሞን። ዩኒቨርሲቲ ተዘግቶ ሁላችንም ወደየቤታችን ተበትነናል። የእኔ ቤት እዚሁ ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ቁጭ ብዬ የእናቴን እጅ ማየት ከበደኝ። በሰፈር ሰው በኩል አንድ የሰሊጥ መጋዘን ውስጥ የማታ ጥበቃ ሆኜ ገባሁ።

ሁለት ነበርን። ሌላኛው ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው። ሰው ሁሉ አሥር አለቃ እያለ ነው የሚጠራቸው። እሳቸው የኋላውን በር፣ እኔ የፊቱን እንይዛለን። ያለን ዕቃ አንዳንድ ዱላ፣ አንድ ባትሪ፣ አንድ ፊሽካና አንድ ትልቅ መዝገብ ነው። መዝገቡ አራት ዓምድ አለው፤ ቀን፣ ሰዓት፣ የታየ ነገር፣ ፊርማ። በየሰዓቱ ትነሳለህ፣ ግቢውን ትዞራለህ፣ ተመልሰህ ትጽፋለህ። የሚጻፈው ሁሌም አንድ ነው፤ "ሰላም ነው።" ገጹ ከላይ እስከ ታች "ሰላም ነው" ብቻ ነው።

አንድ ሌሊት፣ ሊነጋጋ ሲል፣ ጋቢዬን ተከናንቤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ከደንቢያ በኩል መብራት ወጣ። አንድ መሰለኝ። ተከትሎት ሌላ መጣ። ከዚያ ሌላ። በአንድ መስመር፣ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ ተሰክተው፣ ቀስ እያሉ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይሄዳሉ። ምንም ድምፅ የለም። ውሻው እንኳን አልጮኸም። እስከ ሃያ ሦስት ቆጠርኩና ተምታታብኝ። እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። አያቴ ሰማይ ላይ እንግዳ ነገር ሲታይ ጦርነት ይመጣል ትል ስለነበር የመጀመሪያው ሐሳቤ እሱ ነበር።

ሲጠፉ ሮጬ ገብቼ ጻፍኩ። "ከሌሊቱ 11፡15። ከደንቢያ አቅጣጫ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚሄዱ ከ20 በላይ መብራቶች በአንድ መስመር አየሁ። ድምፅ የላቸውም። ወደ 4 ደቂቃ ቆዩ።" ፈረምኩ።

ጠዋት ኃላፊው መጣ። መዝገቡን አየ። ቀና ብሎ "ምን ጠጥተህ ነው ያደርከው?" አለኝ። አልጠጣም። ነገርኩት። ወደ አሥር አለቃ ዞሮ "አንቱስ አይተዋል?" አላቸው። እሳቸው መሬት መሬት እያዩ "እኔ ምንም አላየሁም" አሉ። ኃላፊው ገጹን ገነጠለና አዲስ ገጽ ላይ እንድገለብጠው አዘዘኝ። የሌሎቹን ሰዓቶች እንዳሉ ገለበጥኩ። በ11፡15 ቦታ ላይ "ሰላም ነው" ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩም።

ያ ፊርማ እስካሁን ይቆጨኛል። ስለ ዩፎ፣ ማለትም ምንነቱ ስላልታወቀ በራሪ ነገር፣ የምጽፈውም በዚህ ምክንያት ነው።

መብራቶቹ ምን እንደነበሩ ከሁለት ሳምንት በኋላ አወቅሁ። ስታርሊንክ ናቸው። ስፔስኤክስ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ የኢንተርኔት ሳተላይቶቹን በዚያ ጊዜ 60፣ 60 እያደረገ በአንድ ሮኬት ያመጥቃቸው ነበር። ገና እንደወጡ ተራርቀው ስላልተበተኑ ተከታትለው ይሄዳሉ። እኛ ጨለማ ውስጥ ሆነን እነሱ ከፍ ብለው ፀሐይ ታገኛቸዋለች። ስለዚህ ጎህ ከመቅደዱ በፊት ወይም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያበራሉ። ያየሁት ነገር በእርግጥ ነበረ። አቅጣጫውም፣ ሰዓቱም፣ ድምፅ አለመኖሩም ልክ ነው። የተገነጠለው ገጽ ትክክል ነበር። "ሰላም ነው" የሚለው ነበር የተሳሳተው።

ስለ ስታርሊንክ ስፈልግ ነው ወደ ሌላው ታሪክ የገባሁት። አሜሪካ ውስጥ፣ ሞንታና በሚባል ግዛት፣ ማልምስትሮም የሚባል የአየር ኃይል ሰፈር አለ። በዙሪያው በእርሻና በግጦሽ መሬት መካከል የኑክሌር ሚሳኤሎች በየጉድጓዳቸው ተቀብረዋል። ሚኒትማን ይባላሉ። አንዱ ብቻ ከሂሮሺማው ቦምብ በብዙ አሥር እጥፍ የሚበልጥ ነው። አሥር አሥር ሆነው ይመደባሉ። እያንዳንዱን ምድብ ሁለት መኮንኖች ከመሬት በታች፣ 18 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ባለ ክፍል ውስጥ ሆነው ይቆጣጠራሉ። ከላይ ጥበቃዎች አሉ። በሥልክ ይገናኛሉ። ታች ያለው መኮንን ሰማይ አያይም። የሰማዩ ዓይን ላይ ያለው ዘበኛ ነው።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 16 ቀን 1967 ጠዋት ኤኮ በሚባለው ምድብ አሥሩም ሚሳኤሎች ተራ በተራ ከዝግጁነት ወጡ። አንድ ቢበላሽ ደንብ ነው። አሥሩ በአንድ ጊዜ ግን እንዲሆን ተደርጎ አልተሠራም። ይህ ወሬ አይደለም፤ ሰነድ አለው። የስትራቴጂክ አየር ዕዝ በዚያ ሰሞን ባስተላለፈው መልእክት አሥር ሚሳኤል ያለ ግልጽ ምክንያት ከዝግጁነት መውጣቱ ለዕዙ ከባድ ስጋት መሆኑን ጽፏል። ይህን ሳነብ ቀዝቃዛ ነገር ወረደብኝ። እነዚህ ሰዎች የዓለምን መጥፊያ የያዙ ናቸው። ምን እንደሆነ አላወቁም ነበር።

ሮበርት ሳላስ የሚባል መኮንን ደግሞ የራሱን ይናገራል። ከስምንት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 24 ሌሊት፣ ኦስካር በሚባለው ምድብ ታች ተረኛ ነበርኩ ይላል። ከላይ ዘበኛው ደወለ። ሰማይ ላይ እንግዳ አካሄድ ያላቸው መብራቶች እያየን ነው አለው። ሳላስ ብዙም አልተገረመም። ጥቂት ቆይቶ ዘበኛው እንደገና ደወለ። አሁን ድምፁ ተለውጧል። ቀይ የሚያበራ ነገር ከፊት ለፊቱ በር በላይ ቆሟል አለ። ሳላስ የተኛውን አለቃውን ቀሰቀሰ። ወዲያው ሚሳኤሎቹ ተራ በተራ ከዝግጁነት ወጡ። በኋላ ምሥጢር እንዲጠብቁ ፈረሙ ይላል። እስከ 1990ዎቹ ዝም አለ።

እኔ ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም። ሁልጊዜ የምቆመው ዘበኛው ጋ ነው። የፊት ለፊቱ በር። ሥልኩን አንስቶ የተናገረው ሰው። ሳላስ በመድረክ ቀርቧል፣ ጽፏል፣ ስሙ ታውቋል። ያ ዘበኛ ልጅ በዚያ በረዶ ውስጥ ቆሞ ያየው ምን ነበር? ሲያልፍ ምን ብሎ ጻፈ? ወይስ እሱንም ገልብጥ አሉት?

ግን ለእውነቱ ከቆምኩ ሌላውንም ማለት አለብኝ። የሳላስ ታሪክ ቀዳዳ አለው። መጀመሪያ የነበረበትን ምድብ ኤኮ ነው ብሎ ነበር፤ ከዚያ ኖቬምበር አለ፤ በመጨረሻ ኦስካር ላይ ረጋ። ለኤኮ የሚናገር መዝገብ ወጥቷል። ለኦስካር እንዲህ ያለ መዝገብ አልወጣም። በኤኮ ተረኛ የነበሩት ሁለት መኮንኖች እንኳን ትዝታቸው አይገጥምም። አንዱ ስለ መብራት የሰማሁት ነገር የለም ይላል። ሌላው ከላይ ያለ ዘበኛ ነግሮኝ ነበር፣ ቀልድ መስሎኝ ነበር ይላል። የጦር ክፍሉ ይፋዊ ታሪክ ደግሞ በኤኮ አካባቢ ዩፎ ታየ የተባለው ወሬ ውድቅ ሆኗል ብሎ ዘግቶታል።

ምክንያቱንስ? ሚሳኤሉን የሠራው የቦይንግ መሐንዲሶች መርምረዋል። በላቦራቶሪ አንድ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምት ወደ አንዱ የመቆጣጠሪያ መሣሪያ ሲልኩ ያው ብልሽት ታየ። ምቱ ሞንታና ላይ ከየት እንደመጣ ግን ያኔ እርግጠኛ መልስ አላገኙም። እ.ኤ.አ. በ2025 ዎል ስትሪት ጆርናል የሚባለው የአሜሪካ ጋዜጣ ሌላ ነገር ዘገበ። ሠራዊቱ ራሱ ሚሳኤሎቹ የኑክሌር ፍንዳታ የሚፈጥረውን የኤሌክትሮማግኔቲክ ምት መቋቋማቸውን ለማየት በዚያ አካባቢ ሙከራ ያደርግ ነበር፣ መብራቱም የዚያ መሣሪያ ነበር የሚል። ሳላስ አልተቀበለውም።

ይህ ዘገባ እውነት ከሆነ፣ እኔን ከባዕድ ፍጡር በላይ የሚያሳዝነኝ እሱ ነው። አስቡት። የራሱ ሠራዊት የራሱን ዘበኛ ያስደነግጣል። ዘበኛው ያየውን በትክክል ይናገራል። አለቆቹ ምን እንደሆነ ያውቃሉ፤ አይነግሩትም። ዝም በል ይሉታል። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ሌሊት ሌሊት ያንን ቀይ መብራት ሲያስብ ይኖራል።

የእንግሊዙ ደግሞ ሌላ ነው። ሬንድልሻም ጫካ። ሰፎክ ውስጥ፣ አሜሪካኖች ይጠቀሙባቸው በነበሩት ዉድብሪጅና ቤንትዎተርስ የአየር ኃይል ሰፈሮች መሐል ያለ ጫካ ነው። ቤንትዎተርስ የኑክሌር መሣሪያ የተቀመጠበት ነው እየተባለ ሲወራ ኖሯል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 26 ቀን 1980፣ የፈረንጆች ገና ማግሥት፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ጥበቃዎች ከበሩ ውጭ ጫካው ውስጥ መብራት አዩ። ተከትለው ገቡ። ከሁለት ሌሊት በኋላ ምክትል አዛዡ ሌተና ኮሎኔል ቻርልስ ሃልት ራሱ ገባ። በእጁ ትንሽ የድምፅ መቅጃ ይዟል። ጨረራ የሚለካ መሣሪያም አብሮ ሄዷል። እየሄደ ይቀዳል። ትንፋሹ ይሰማል። መብራቱን ሲያይ ድምፁ ከፍ ይላል። ካሴቱ ዛሬም አለ፤ ኢንተርኔት ላይ ይገኛል።

ተጠራጣሪዎቹ ካሴቱን ቁጭ ብለው በሰዓት ለኩት። ሰዎቹ "ይኸው እንደገና!" የሚሉበት ልዩነት አምስት ሰከንድ ያህል ነው። በዚያ አቅጣጫ፣ ባሕሩ ዳር፣ ኦርፎርድነስ የሚባል የመርከብ መምሪያ ፋኖስ ነበር። በየአምስት ሰከንዱ ይበራ ነበር። በመጀመሪያው ሌሊትም በዚያው ሰዓት ገደማ ትልቅ ተወርዋሪ ኮከብ በደቡብ እንግሊዝ ሰማይ አልፎ ነበር። ለእኔ ይህ ማብራሪያ ያሳምነኛል። ሃልትን አላሳመነውም። ፋኖሱን አውቀዋለሁ፣ ያየሁት ሌላ ነው ይላል እስከዛሬ።

ሆኖም እኔ ሃልትን አከብረዋለሁ። ለምን? ጻፈው። ጥር 13 ቀን 1981 አንድ ገጽ ማስታወሻ ለእንግሊዝ መከላከያ ሚኒስቴር ላከ። ቀኖቹን በአንድ ቀን ተሳስቷል፤ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ስለጻፈው ነው። (ለዚህ ነው አሥር አለቃ ሁሌ "ሳትቀመጥ ጻፍ" የሚሉኝ።) ግን ስሙን አስቀምጦ ፈረመ። ዛሬ የፋኖሱን ነገር ማስላት የተቻለው እሱ ካሴቱንና ወረቀቱን ስለተወልን ነው። ያ ሰው አፍሮ ቢተወው ኖሮ የሚፈታም የሚመረመርም ነገር አይኖርም ነበር። ወሬ ብቻ ይቀር ነበር።

ሌሎችም አሉ፤ በ1968 ማይኖት የሚባለው የአሜሪካ የአየር ኃይል ሰፈር፣ በ1975 መኸር ሎሪንግ። ሎሪንግ ሜይን ግዛት ያለ ሰፈር ነበር። ሄሊኮፕተር የሚመስል ነገር የመሣሪያ ማከማቻው አጠገብ ሁለት ሌሊት ተከታትሎ ታየ። ምን እንደነበረ አልታወቀም። የአሜሪካ አየር ኃይል ብሉ ቡክ በሚለው ፕሮጀክቱ እስከ 1969 ድረስ 12,618 ሪፖርት ሰብስቦ 701ዱን ሳይፈታ ዘግቷል።

"ታዲያ ለምን የኑክሌር መሣሪያ ያለበት ላይ ይበዛል?" ይላል ሰው። ጓደኞቼም ይጠይቁኛል። ሳላስና መሰሎቹ መልሳቸው ግልጽ ነው፤ አንድ ኃይል ሊያስጠነቅቀን ነው የሚመጣው ይላሉ። ሐሳቡ ልብ ይነካል። የሰው ልጅ ራሱን እንዳያጠፋ የሚያስብለት ካለ ማን ይጠላል? እኔ ግን የማታ ጥበቃ ሆኜ ስላየሁት ሌላ ነገር ይታየኛል።

እዚያ ሌሊቱን ሙሉ የሚነቃ ሰው አለ። በየጉድጓዱ፣ በየበሩ፣ በየማማው ላይ። ሰማይ እንዲያይ የሚከፈለው ሰው። ራዳር አለ። ሥልክ አለ። መዝገብ አለ። ከደንቢያ በላይ ምን እንደሚያልፍ ማን ይጽፋል? ገበሬው ተኝቷል። ቄሱ ወደ ማኅሌት ሲሄዱ ቀና ቢሉ ያያሉ፤ አይመዘግቡም። ማራኪ፣ የዩኒቨርሲቲው ግቢ ላይ ያለው ተማሪ ሥልኩን እያየ ነው። በእኔ ሌሊት በጎንደር ላይ ያ ሁሉ መብራት ሲያልፍ የተጻፈው አንድ መስመር ነበር። እሱም ተገነጠለ። ዓይን የበዛበት ቦታ የሚታይ ነገር ይበዛል።

ሌላም አለ። ትልቅ ነገር የሚጠብቅ ሰው ፍርሃቱም ትልቅ ነው። ሰሊጥ ስጠብቅ እንኳን ጥላ ሁሉ ሌባ ነበር። አሥር የኑክሌር ሚሳኤል ለሚጠብቅ የሃያ ዓመት ልጅ አንድ ደማቅ ኮከብ ምን ይመስለው ይሆን? ጨለማ ውስጥ አንድን መብራት ብቻህን ትኩር ብለህ ስታይ፣ ቆሞ ሳለ የሚንቀሳቀስ ይመስልሃል። ዓይን እንዲህ ነው። ይህን ማወቅ ዘበኛውን ውሸታም አያደርገውም።

"አንተ ጎንደር ቁጭ ብለህ የአሜሪካ ሚሳኤል ምን አገባህ?" ያለኝም አለ። አፍሪካ በፔሊንዳባ ስምምነት ከኑክሌር መሣሪያ ነፃ ቀጠና ናት፤ እውነት ነው። ግን እኛ አዘዞዎች ሰማይ ላይ መብራት ማለት ምን እንደሆነ እናውቃለን። ኅዳር 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ምሽት አየር ማረፊያችን በሮኬት ተመታ። መስኮታችን ተንቀጠቀጠ። እናቴ ታናሽ እህቴን አቅፋ ወለሉ ላይ ተኛች። ከዚያ ምሽት ወዲህ ሰፈራችን ውስጥ ሰማይ ላይ መብራት ሲታይ የሚስቅ ሰው የለም። ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቀው "ወዴት ነው የሚሄደው?" ነው። ማልምስትሮም ላይ የሆነው ከዚህ አይለይም። ባዕድ ይሁን ሙከራ፣ ብልሽት ይሁን ኮከብ፣ መጀመሪያ ያየው ሰው እንዲናገር መፈቀድ አለበት።

እ.ኤ.አ. ግንቦት 17 ቀን 2022 የአሜሪካ ምክር ቤት ስለ ዩፎ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ክፍት ስብሰባ አደረገ። አንድ የምክር ቤት አባል፣ ማይክ ጋላገር፣ ስለ ማልምስትሮም ጠየቀ። ጉዳዩን የሚመሩት ሁለት ባለሥልጣናት በይፋ የደረሰን ነገር የለም ዓይነት መልስ ሰጡ። ቪዲዮውን ቆም እያደረግኩ ነው ያየሁት። 55 ዓመት! በ2024 ፔንታጎን ባወጣው የታሪክ ሪፖርት የባዕድ ቴክኖሎጂ ማስረጃ አላገኘሁም አለ። እሺ፣ እቀበላለሁ። ግን ያ የበሩ ዘበኛስ?

ባለፈው ፋሲካ አሥር አለቃን ልጠይቃቸው ሄድኩ። አንድ ኪሎ ቡናና ስኳር ያዝኩ። አሁን ሥራ ትተዋል፤ እግራቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል። ባለቤታቸው ቡና አቀራረቡ። ስለ ስታርሊንክ ነገርኳቸው። በሥልኬ ቪዲዮውን አሳየኋቸው። ረጅም ጊዜ አዩት።

"እንደዚህ ነበር" አሉ።

ዝም አልኩ።

"አይቻለሁ ልጄ። ያን ሌሊት። ከኋላ በር ሆኜ። ካንተ ቀድሜ ነው ያየሁት።"

ለምን አላየሁም እንዳሉ አልጠየቅኋቸውም። ራሳቸው ነገሩኝ። በደርግ ጊዜ፣ ወጣት ሳሉ፣ ሰሜን ውስጥ አንድ የጥይት ግምጃ ቤት ይጠብቁ ነበር። አንድ ሌሊት ከተራራው በላይ ቀይ መብራት አዩ። ለአለቃቸው በሬዲዮ ነገሩ። ጠዋት ጠሩኝ አሉ። ሽብር ትነዛለህ ተባልኩ። ሰባት ቀን ታሰርኩ። "ከዚያ ወዲያ እኔ ሰማይ አላይም" አሉ። ባለቤታቸው ሲኒ ይዘው ቆመው ቀሩ። ከተጋቡ ወዲህ አልሰሙትም።

ቦርሳዬ ውስጥ ሁሌ የምይዘው ትንሽ ደብተር አለ። አወጣሁት። "ልጻፈው?" አልኳቸው። ቡናቸውን ፉት አሉ። ከዚያ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ሪፖርት እንደሚሰጥ ወታደር ነበር የተናገሩት። ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል። ጨረቃ የለም። ነፋስ የለም። ከምሥራቅ ወጥቶ ወደ ምዕራብ ሄደ። አንድ መብራት፣ ቀይ። ድምፅ የለውም። ሲጋራ ተጨሶ እስኪያልቅ ያህል ቆየ።

ጨርሼ አነበብኩላቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ። አንድ ቦታ ላይ አስቆሙኝ።

"'ሄደ' አትበል። 'በዝግታ ሄደ' በል።"

አስተካከልኩት። ደብተሩን አዞርኩላቸውና ብዕሩን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ፈልገው አድርገው፣ ከታች ፈረሙ።